ላም አለኝ በሰማይ፦ በስልክ ጨዋታ የተጠራቀመ ነጥብ የማን ሀብት ነው?

መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. የደመራ ዕለት ነበር። በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ከችቦው ጎን ስልካቸውን እያዩ ሌላ ነገር ይጠብቁ የነበሩ ወጣቶች ጥቂት አልነበሩም። የሚጠብቁት «ሃምስተር ኮምባት» የተባለው የቴሌግራም ጨዋታ ለወራት ያጠራቀሙትን ነጥብ በገበያ ወደሚሸጥ ቶክን ለውጦ የሚያስረክብበትን ሰዓት ነበር። ሰዓቱ ደረሰ፣ ክፍያውም ተፈጸመ። ይሁን እንጂ በስልኩ ላይ በሚሊዮን ይቆጠር የነበረው ነጥብ ለብዙዎቹ ጥቂት መቶ ብር ብቻ ሆኖ ወጣ። ለሌሎች ደግሞ ምንም አልወጣላቸውም።

ጉዳዩ የልጆች ጨዋታ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ለጨዋታው ዳታ የተገዛው በጥሬ ገንዘብ ነው። የጠፋው ጊዜም የሥራና የትምህርት ጊዜ ነው። ነጥብ የተጠራቀመበትን አካውንት እንደ ሸቀጥ የሚገዙና የሚሸጡም አሉ። ከሁሉም በላይ ለነጋዴ፣ ለደላላና ገንዘቡን ማፍሰስ ለሚፈልግ ሰው የሚጠቅም አንድ ጥያቄ ይነሳል። አንድ ሰው ደክሞ ያገኘው ነገር፣ የጨዋታውን ደንብ የሚጽፈው ሌላ ወገን ከሆነ፣ በእርግጥ የእሱ ሀብት ነው ወይ?

መጀመሪያ የተከፈለው

ነገሩን ለመረዳት ከሃምስተር በፊት ከነበረው መነሳት ያስፈልጋል። «ኖትኮይን» የተባለው የቴሌግራም ጨዋታ እጅግ ቀላል ነበር። ተጫዋቹ በስልኩ ላይ የሚታየውን ሳንቲም በጣቱ ይነካል፤ በነካ ቁጥር ነጥብ ይመዘገብለታል። ጨዋታው 35 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ካሰባሰበ በኋላ ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ቶክኑ በዓለም አቀፍ የዲጂታል ገንዘብ ገበያዎች ላይ ወጣ። ቶክን ማለት በኢንተርኔት የሚገበያዩበት የዲጂታል ገንዘብ ዓይነት ነው።

ኖትኮይን ያወጣው የልውውጥ ስሌት ግልጽ ነበር። 1,000 የጨዋታ ሳንቲም 1 ቶክን ይሆናል። 10 ሚሊዮን የጨዋታ ሳንቲም ያጠራቀመ ሰው 10,000 ቶክን ተረከበ ማለት ነው። የአንዱ ቶክን ዋጋ 1 የአሜሪካ ሳንቲም ሲሆን ይህ 100 ዶላር ነው። ዋጋው በግንቦት ወር መጨረሻ አካባቢ ከ2 ሳንቲም በላይ ደርሶ ስለነበር በዚያ ጊዜ የሸጠ ሰው ከዚህም የበለጠ አግኝቷል። በወቅቱ ባንኮች ዶላርን በ57 ብር ገደማ ይመነዝሩ ነበር።

ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ጣቱን አንቀሳቅሶ ብቻ ብዙ ሺህ ብር ያገኘ የሰፈር ልጅ ሲታይ፣ ያልሞከረው ሁሉ ቀጣዩን ጨዋታ መፈለጉ የሚጠበቅ ነበር። ቀጣዩ ጨዋታ ደግሞ ቀድሞውኑ ደጃፍ ላይ ነበር።

መለኪያው እንዴት ተለወጠ

ሃምስተር ኮምባት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በጨዋታው ውስጥ ተጫዋቹ የአንድ የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ይሆናል። ሳንቲም ይሰበስባል፤ በሰበሰበው ሳንቲም ልዩ ልዩ የጨዋታ ካርዶችን ይገዛል። ካርዶቹም «በሰዓት የሚገኝ ትርፍ» የተባለውን ቁጥር ከፍ ያደርጉለታል። ይህ ትርፍ ግን ተጫዋቹ ካልገባበት ከ3 ሰዓት በላይ አይቆጠርም ነበር። ስለዚህ ትርፉ እንዳይቋረጥበት የሚፈልግ ሰው ቀንም ሌሊትም በየ3 ሰዓቱ ስልኩን መክፈት ነበረበት። በየቀኑ የሚለወጡ ሦስት ካርዶችን በትክክል ያገኘ 5 ሚሊዮን ሳንቲም ይመረቅለታል። ጓደኛውን ያስገባም ጉርሻ አለው።

ለወራት በተጫዋቾች ዘንድ እንደ ዋና መለኪያ ይታይ የነበረው ይኸው በሰዓት የሚገኝ ትርፍ ነው። «ስንት ደረስክ?» ሲባል መልሱ ይህ ቁጥር ነበር። ስለዚህም ሰው ሁሉ ሳንቲሙን አሟጦ በካርድ ላይ አዋለው። በ2016 ክረምት ግን ጨዋታው «ቁልፍ» የሚባል አዲስ ነገር አመጣ። ቁልፉ የሚገኘው እንቆቅልሽ በመፍታትና ሌሎች ተጓዳኝ ጨዋታዎችን በመጫወት ነው። የመጀመሪያው ዙር ተዘግቶ የአከፋፈሉ ስሌት ሲገለጽ፣ በሰዓት የሚገኘው ትርፍ ከብዙ መለኪያዎች አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቁልፍ፣ በጨዋታው የተፈጸሙ ተግባራትና የገቡ ጓደኞች ሁሉ ተቆጠሩ። ለወራት ካርድ ሲገዛ የኖረና ቁልፍ ያልሰበሰበ ሰው፣ ከእሱ ዘግይቶ ከገባና ቁልፍ ከሰበሰበ ሰው ያነሰ ድርሻ ሊደርሰው ቻለ። ቅሬታውም ከዚህ የመነጨ ነው።

የጨዋታው ባለቤቶች በወቅቱ እንዳስታወቁት፣ ጨዋታውን 300 ሚሊዮን ሰዎች ሞክረውት ነበር። ለክፍያ ብቁ ናቸው የተባሉት 131 ሚሊዮን ናቸው። 2.3 ሚሊዮን ያህል አካውንቶች ደግሞ አጭበርብረዋል ተብለው ተሰርዘዋል። ለእነዚህ ይደርስ የነበረው 6.8 ቢሊዮን ቶክን ግማሹ እንዲጠፋ፣ ግማሹ ለሌሎች ተጫዋቾች እንዲከፋፈል ተወስኗል። በዚህ ስሌት ለአንድ የተሰረዘ አካውንት በአማካይ ወደ 3,000 ቶክን ይደርስ ነበር ማለት ነው።

ሂሳቡ ሲሠራ

ከጠቅላላው 100 ቢሊዮን ቶክን ለመጀመሪያው ዙር ተጫዋቾች የተመደበው 60 ቢሊዮን ነበር። ይህ ለ131 ሚሊዮን ሰው ሲካፈል በአማካይ ለአንድ ሰው 458 ቶክን ይደርሳል። ከዚህም ውስጥ ወዲያው የተለቀቀው 88.75 በመቶው ብቻ ሲሆን ቀሪው 11.25 በመቶ ለ10 ወራት እንዲቆይ ተደርጓል። ስለዚህ በእለቱ እጅ ላይ የገባው በአማካይ 406 ቶክን ነው። ገበያው ሲከፈት የአንዱ ዋጋ 1 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ስለነበር ጠቅላላው 4 ዶላር ያህል ይሆናል።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ዶላር በመስከረም ወር ከ100 ብር በላይ ሆኖ ነበር። ያም ሆኖ 4 ዶላር ከ500 ብር አይዘልም። ክፍፍሉ እኩል ስላልነበረና ጥቂቶች ብዙ ስለወሰዱ፣ አብዛኛው ሰው ያገኘው ከአማካዩ በታች ነው።

ወጪውንም ማየት ተገቢ ነው። አንድ የቡራዩ ወጣት ለጨዋታው ብሎ በቀን የ10 ብር ዳታ ቢገዛ፣ በ6 ወር ውስጥ 1,800 ብር አውጥቷል። 500 ብር ቢያገኝ እንኳ 1,300 ብር ከስሯል ማለት ነው። ሌሊት የተነሳበትና ከሥራ የቀረበት ሰዓት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ቶክኑን «ይጨምራል» ብሎ ያልሸጠ ሰው ደግሞ የባሰ ገጠመው። ዋጋው በሁለት ወር ውስጥ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ከመነሻው አንድ አሥረኛ አይሞላም ነበር።

ይህ ስሌት ለደላላም ትምህርት አለው። ከክፍያው ቀን በፊት «በሰዓት ይህን ያህል ሚሊዮን ትርፍ አለው» የተባለ አካውንት በጥሬ ገንዘብ የገዛ ሰው፣ የገዛው ገና ዋጋ ያልተቆረጠለትን ቁጥር ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው ሻጩም ገዢውም ሳይሆን ሦስተኛ ወገን ነው። አካውንቱ በስህተትም ይሁን በትክክል ከተሰረዙት መካከል ቢሆን ገዢው ገንዘቤን መልሱ የሚልበት ቦታ የለውም።

ለምን ይወስዱታል?

የጨዋታ ሠሪዎች የሰጡትን መልሰው የሚወስዱት በክፋት ብቻ ነው ማለት ትክክል አይሆንም። በኢኮኖሚ ዓይን ሲታይ ቢያንስ አራት ምክንያቶች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው የነጥብ ግሽበት ነው። ነጥብ ለመፍጠር ወጪ የለውም፤ ስለዚህ ያለ ልክ ይታተማል። በመጨረሻ የሚከፈለው ቶክን ግን የተወሰነ ነው። 10 ኩንታል ጤፍ በመጋዘን አስቀምጦ ለ10 ሰዎች የ1 ኩንታል ደረሰኝ የሰጠ ነጋዴ ችግር የለበትም። ለ100 ሰዎች ከሰጠ ግን ሁለት ምርጫ ብቻ ይኖረዋል። ወይ ለእያንዳንዱ 10 ኪሎ ያካፍላል፣ ወይ ከደረሰኞቹ መካከል «ይህ ይሠራል፣ ይህ አይሠራም» ብሎ ይመርጣል። ጨዋታዎቹ ሁለቱንም ያደርጋሉ።

ሁለተኛው የሐሰት ተጫዋች ነው። አንድ ሰው በመቶ የሚቆጠሩ አካውንቶች ከፍቶ፣ በሰው ጣት ፈንታ በፕሮግራም ሊያስነካ ይችላል። እነዚህ ካልተወገዱ የሐቀኛው ድርሻ ይሟጠጣል። ችግሩ ማን አጭበረበረ የሚለውን የሚወስነው ራሱ ከፋዩ መሆኑ ነው። ከሳሽም ዳኛም አንድ ሰው ነው፤ ይግባኝ የሚባልበት መንገድም የጠበበ ነው።

ሦስተኛው የንግድ ጥቅም ነው። የነኩ ጨዋታዎች ገቢ ከተጫዋቹ ኪስ በቀጥታ አይመጣም። የሚመጣው ከሰው ብዛት ነው። ተጫዋቹ የተወሰነ ቻናል እንዲከተል፣ ቪዲዮ እንዲመለከት፣ በአንድ የመገበያያ ድርጅት አካውንት እንዲከፍት ይጠየቃል። ለዚህ ማስታወቂያ አስነጋሪው ይከፍላል። አዲስ ተግባር በተፈጠረ ቁጥር አዲስ ገቢ ይኖራል። የድሮው ነጥብ ዋጋ ካልቀነሰ ግን አዲሱን ተግባር የሚሠራ ሰው አይገኝም።

አራተኛው ተጫዋቹን ማቆየት ነው። ሁሉን ነገር ያገኘ ሰው ጨዋታውን ትቶ ይሄዳል። ከእጁ ላይ ጥቂት የተወሰደበት ሰው ግን ለመተካት ይመለሳል።

ሌላው ዓለም ያየው

ይህ በእኛ አገር ወይም በቴሌግራም የተጀመረ ነገር አይደለም። «ዴስቲኒ 2» የተባለው ጨዋታ ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ቡንጂ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ተጫዋቾች በገንዘብ የገዟቸውን የጨዋታውን ክፍሎች ከአገልግሎት አነሳ። በዚያው ወር ተጫዋቾቹ ለዓመታት ደክመው ያገኟቸው ብዙ የጦር መሣሪያዎች ለአዲሶቹ ከባድ ውጊያዎች እንዳይበቁ የኃይል ጣሪያ ተበጀላቸው። ተቃውሞው ስለበረታ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ሌሎች መሣሪያዎችን በዚህ መንገድ እንደማይጥል አስታወቀ።

ለእኛ አገር ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው የፊሊፒንስ ታሪክ ነው። መቀመጫውን ቬትናም ያደረገው ስካይ ማቪስ የሠራው «አክሲ ኢንፊኒቲ» የተባለ ጨዋታ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ሥራ ላጡ ብዙ ፊሊፒናውያን የዕለት ገቢ ሆኖ ነበር። ለመጀመር ሦስት የጨዋታ እንስሳት መግዛት ያስፈልግ ነበር። መግዣ የሌለው ሰው ከባለሀብት ተውሶ ይጫወትና ገቢውን ይካፈላል። በእኛ አነጋገር የእኩል አራሽ ዓይነት ነው። የሚከፈለው ቶክን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ከ30 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ ይሸጥ ነበር። በየካቲት 2022 ወደ 1 ሳንቲም ወረደ። በዚያው ወር ኩባንያው የቶክኑ ብዛት ዋጋውን እየገደለ ነው በማለት በዕለታዊ ተግባርና በጀብዱ ጨዋታው ይሰጥ የነበረውን ክፍያ ከናካቴው አስቀረ። እንስሳቱን በውድ የገዛው ባለሀብትና በየቀኑ የሚጫወተው ድሃ አብረው ወደቁ።

ሦስተኛው ምሳሌ ለነጋዴ ይበልጥ ይቀርባል። «ካውንተር ስትራይክ 2» በተባለው ጨዋታ ውስጥ ለጌጥ ብቻ የሚያገለግሉ ቢላዎችና ጓንቶች በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጡ ነበር። ውድ ያደረጋቸው እጅግ በዕድል ብቻ የሚገኙ መሆናቸው ነው። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ባለቤቱ ቫልቭ አንድ ደንብ ለወጠ፤ አምስት ቀይ ደረጃ ያላቸው ዕቃዎች ተሰጥተው አንድ ቢላ ወይም ጓንት ማግኘት ተቻለ። የዕቃዎቹ ጠቅላላ ገበያ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ይገመት ነበር። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚበልጠው ጠፋ። የማንም ቢላ አልተወሰደም። የተወሰደው ብርቅነቱ ነው። ቀይ ዕቃ ይዘው የነበሩ ደግሞ በአንድ ሌሊት ከበሩ።

«ተስማምቻለሁ» ሲባል

በእነዚህ ሁሉ ጉዳዮች ተጫዋቹ ፍርድ ቤት ቢሄድ የሚቀርብበት ሰነድ አንድ ዓይነት ነው። ጨዋታውን ሲጀምር ሳያነብ «ተስማምቻለሁ» ብሎ የተጫነው ውል ነው። ውሉ በአብዛኛው የሚለው ተመሳሳይ ነው። ነጥቡ፣ ዕቃውና አካውንቱ የኩባንያው ነው። ተጫዋቹ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ አለው። ኩባንያው ደንቡን በፈለገ ጊዜ ሊለውጥ፣ አገልግሎቱን ሊያቋርጥ ይችላል።

የፈረንሳዩ ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የተባለውን የመኪና ውድድር ጨዋታ እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2024 ሲዘጋ፣ ሙሉ ዋጋ ከፍለው የገዙት ሰዎች እንኳ መጫወት አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ሕግ አውጪዎች ደረሰ። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለ ሕግ፣ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ደንበኛው የሚያገኘው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳይነግረው «ግዛ» የሚል ቃል እንዳይጠቀም አገደች። በአውሮፓ ደግሞ የተሸጡ ጨዋታዎች እንዳይገደሉ የሚጠይቀው የዜጎች አቤቱታ በ2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስቧል።

በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205ም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚደረግ ስምምነት ዕውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ ጣት የጫነው «ተስማምቻለሁ» ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከዚህም ሌላ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን፣ በዲጂታል ገንዘብ መገበያየትም ሕጋዊ አለመሆኑን አስታውቆ ነበር። የጨዋታ ቶክኑን ከሰው ለሰው ወደ ብር የሚለውጥ ሰው ሲጭበረበር ጉዳዩን ይዞ ወደ ባንክ ወይም ወደ ፖሊስ ለመሄድ የሚቸገረው ለዚህ ነው። ኩባንያው ደግሞ በአገር ውስጥ ጽሕፈት ቤት የለውም፤ መጥሪያ የሚደርስበት በር አይገኝም።

እቁብና የመንደር ውል

ልዩነቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እቁብ የሚጥል ነጋዴ ገንዘቡን ለሌላ ሰው አሳልፎ ይሰጣል፤ እስኪደርሰው ድረስ በእጁ ያለው ተስፋ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ዳኛውና ጸሐፊው የሚታወቁ ሰዎች ናቸው። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ይወስዳል። ዋናው ነገር ደግሞ ደንቡ በዙሩ መካከል አይለወጥም። «ከዛሬ ጀምሮ የሚቆጠረው የጣልከው ብር ሳይሆን ያመጣኸው ሰው ብዛት ነው» የሚል ዳኛ ቢነሳ እቁቡ በዚያው ዕለት ይፈርሳል። ደንቡን የሚያወጡት ገንዘቡን የሚጥሉት ሰዎች ራሳቸው በመሆናቸው ነው። በስልኩ ጨዋታ ግን ጣዩ ሌላ፣ ደንብ አውጪው ሌላ ነው።

የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ደግሞ ከዚህም የመረረ ትምህርት አላቸው። ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ለገጣፎ ብዙ ሰው ከገበሬ ላይ በመንደር ውል መሬት ገዝቶ ቤት ሠርቷል። ምስክር ፈርሟል፣ ሽማግሌ ተቀምጧል፣ ገንዘቡ ተቆጥሯል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ስለደነገገ ሻጩ ሊያስተላልፍ የሚችለው የባለቤትነት መብት አልነበረውም። በ2011 ዓ.ም. በለገጣፎ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከተሞቹ በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ፣ ሕገ ወጥ ግንባታ ናቸው የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን አጥቷል። የአፈራረሱ አግባብነት ብዙ ያከራከረ ጉዳይ ነው። ለገበያ ሰው የተረፈው ትምህርት ግን አጭር ነው። ቤቱ ነበረ፤ ያልነበረው በቤቱ ላይ የሚጸና ወረቀት ነው።

በጡብና በቆርቆሮ የተሠራ ቤት እንዲህ ከሆነ፣ በሌላ ሰው መዝገብ ላይ በቁጥር ብቻ የተጻፈ ነጥብ ምን ያህል ሊጸና እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ከመግባት በፊት የሚጠየቁ

ይህ ሲባል በእንዲህ ያለው ጨዋታ ማንም አላተረፈም ማለት አይደለም። ኖትኮይን አስቀድሞ ባወጣው ስሌት መሠረት ከፍሏል፤ በጊዜው የሸጠም ተጠቅሟል። ሁሉንም አጭበርባሪ ማለት እንደማያዋጣ ሁሉ ሁሉንም ማመንም አያዋጣም። ሚዛኑን ለመጠበቅ ጥቂት ጥያቄዎች ይረዳሉ።

አንደኛ፣ የልውውጡ ስሌት ታውቋል ወይ? ስንት ነጥብ ስንት ቶክን እንደሚሆን ሳይነገር የሚጠራቀም ነጥብ ዋጋ የለውም፤ ሊኖረው ይችላል እንጂ። ሁለተኛ፣ ጠቅላላው የሚከፈለው ስንት ነው፣ የሚካፈለውስ ስንት ሰው ነው? የተጫዋቹ ብዛት ማስታወቂያ ሆኖ ሲነገር ደስ ይላል፤ አካፋይ ሆኖ ሲመጣ ግን ድርሻን ያሳንሳል። ሦስተኛ፣ ደንቡ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ተለወጠ? አንድ ጊዜ መለኪያውን የለወጠ ሁለተኛም ይለውጣል። አራተኛ፣ የተገኘው ነገር ዛሬውኑ ወጥቶ ሊሸጥ ይችላል ወይስ ለወራት ይታገዳል? አምስተኛ፣ ክርክር ቢነሳ ማን ዘንድ ይኬዳል?

እነዚህ ጥያቄዎች ለጨዋታ ብቻ የተበጁ አይደሉም። በየጊዜው «ይህን ያህል ሰው ካመጣህ ይህን ያህል ጉርሻ» እያሉ ለሚመጡ የሽያጭ ወኪልነት ጥሪዎች፣ በነጥብ ለሚሰጡ የደንበኛ ሽልማቶችና የአየር መንገድ ማይሎችም ያገለግላሉ። የአሜሪካው ዴልታ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የደንበኞቹን የማይል ደንብ ሲያጠብቅ በተነሳው ቁጣ ምክንያት በቀጣዩ ወር ከፊሉን ለማላላት ተገዷል። የደንበኛ ጩኸት አንዳንድ ጊዜ እንደሚሠራ ይህ ያሳያል። ሆኖም የሚሠራው ደንበኛው ጥሎ ቢሄድ ኩባንያው የሚጎዳ ሲሆን ነው። በነጻ የገባና በሌላ ሊተካ የሚችል 300 ሚሊዮን ሰው ያን ያህል ጉልበት የለውም።

ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ ወደ ተፍኪና ተጂ የሚጓዝ እህል ነጋዴ የገበሬውን ጤፍ ሳይመዝን ገንዘብ አይቆጥርም። ሚዛኑ የማን እንደሆነም ያጣራል፤ ሚዛን በሻጩ እጅ ብቻ ሲሆን ኪሎ እንደሚጎድል ያውቃልና። በስልክ ጨዋታ ነጥቡም፣ ሚዛኑም፣ መጋዘኑም በአንድ ሰው እጅ ናቸው። ስለዚህ ጊዜውን ወይም ገንዘቡን የሚያፈስ ሰው፣ ተቀይሮ ኪሱ እስኪገባ ድረስ የጠራቀመውን ነጥብ በሀብት መዝገቡ ላይ ባይጽፈው ይመረጣል። በእሱ ተማምኖ መበደር ደግሞ ጨርሶ አይገባም።